የፋይል ሲስተም ኮድና ዴድሎክ፦ ሎክ የማይመስሉት መጠበቂያዎች

#1 ትንሹ_ጆርናል

ሰላም ለዚህ ቤት። በሊኑክስ 6.6 ላይ የሚሠራ አነስተኛ የፋይል ሲስተም ሞጁል ነው፤ ጄቢዲ2ን (የከርነሉን የጋራ ጆርናል፣ ለውጦች አስቀድመው የሚመዘገቡበትን) አይጠቀምም፣ የራሱ ጆርናል አለው። ሦስት ቦታ ላይ ይቆማል፣ ሦስቱም ጊዜ ፕሮሰሶቹ ዲ ስቴት (የማይቋረጥ ጥበቃ) ውስጥ ይገባሉ፣ ኪል ማይነስ 9 እንኳ አይነካቸውም።

አንደኛ፦ የሁለት ዳይሬክተሪዎችን አትሪቢዩት የሚያቀያይር አይኦክትል (ለሞጁሉ የሚላክ ልዩ ትእዛዝ) አለ። የመጀመሪያውን አይኖድ (የፋይሉን ወይም የዳይሬክተሪውን መረጃ የሚይዘውን መዝገብ) ይቆልፋል፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ትዕዛዙ የሚዛነፍ እንዳይሆን በሜሞሪ አድራሻ ትንሹ ይቀድማል። ሆኖም ጎን ለጎን አርኤምዲር (ዳይሬክተሪ ማጥፊያው) ሲሮጥ ሁለቱም ይቆማሉ።

ሁለተኛ፦ 1 ጊጋ ባይት ራም ባለው ቨርቹዋል ማሽን ላይ ኤፍኤስስትሬስ (የፋይል ሲስተም ማስጨነቂያ ፈተና) በ8 ፕሮሰስ ሲሮጥ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ኬስዋፕዲ (ሜሞሪ የሚያስለቅቀው የከርነል ትሬድ) ሳይቀር ሁሉም ይቆማል። 8 ጊጋ ሲሰጠው አይቆምም።

ሦስተኛ፦ ይሄ ነው ግራ የሚያጋባው። አንድ ፕሮሰስ ብቻውን፣ ማንም ሳይነካው፣ ራይት ላይ ይቆማል። ምንጩ ባፈር ያው ፋይል በኤምማፕ (ፋይልን እንደ ሜሞሪ በሚያሳየው ጥሪ) የተከፈተበት ሜሞሪ ነው።

የሞጁሉ ሎኮች በሙሉ በአንድ ቅደም ተከተል ነው የሚያዙት። ታዲያ ዴድሎኩ (እርስ በርስ ተጠባብቆ መቆሙ) ከየት ይመጣል?

---

#2 አብዬ_አይኖድ

ሁለተኛውን ላስቀድም፤ እሱ ከገባህ ሌሎቹ ይቀሉሃል።

«ሎኮቹ በሙሉ በአንድ ቅደም ተከተል» ስትል የቆጠርከው ሙቴክስና ሴማፎር ብቻ ነው። ፋይል ሲስተም ውስጥ ግን የሚያስጠብቅ ነገር ሁሉ ሎክ ነው። ሜሞሪ መጠየቅ ያስጠብቃል። ጆርናል ላይ ሀንድል (ለአንድ ለውጥ የሚከፈት ፈቃድ) መክፈት ያስጠብቃል። ከተጠቃሚ ባፈር መቅዳት ያስጠብቃል። እየጠፋ ያለ አይኖድን በአይጌት (አይኖድ በሚያመጣው ፈንክሽን) መፈለግም ያስጠብቃል። እነዚህ ዝርዝርህ ውስጥ ከሌሉ ቅደም ተከተል አለኝ አትበል።

የአንተ ክብ እንዲህ ነው የሚዘጋው፦

ፕሮሰስ ሀ የጆርናል ሀንድል ከፍቶ ይዟል። ሀንድሉን እንደያዘ ኬማሎክን (ሜሞሪ መጠየቂያውን) በጂኤፍፒ_ከርነል (ተኝቶ መጠበቅን በሚፈቅደው ተራ አጠያየቅ) ይጠራል። ራሙ ሞልቷል፤ ስለዚህ ከርነሉ ሀ ራሱን ሜሞሪ እንዲያስለቅቅ ያሰማራዋል (ዳይሬክት ሪክሌይም)። ሪክሌይም የአይኖድ ካሹን ማራገፍ ይጀምራል፣ ከሚያራግፋቸው አይኖዶች አንዱ የአንተው ፋይል ሲስተም ነው፣ ሊንኩም ዜሮ ደርሷል። ኢቪክት_አይኖድህ ይጠራል፤ እሱም ብሎኮቹን ለማስለቀቅ ጆርናል ላይ አዲስ ሀንድል ይጠይቃል። በዚያች ቅጽበት ኮሚት (ትራንዛክሽኑን ዲስክ ላይ ማጽናት) ተጀምሮ ትራንዛክሽኑ ተዘግቷል፣ አዲስ ሀንድል ኮሚቱ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ኮሚቱ ደግሞ የተከፈቱ ሀንድሎች በሙሉ እስኪዘጉ ይጠብቃል። ከነዚያ አንዱ ሀ በእጁ የያዘው ነው። ሀ ራሱን ይጠብቃል ማለት ነው።

ኬስዋፕዲ እዚህ ወንጀለኛ አይደለም። እሱ ሀንድል አልያዘም፤ እሱም እንደሌሎቹ ኮሚቱን ለመጠበቅ የተሰለፈ ነው። 8 ጊጋ ላይ ያልታየህም ሪክሌይም ስላልተጠራ ብቻ ነው፤ ስህተቱ እዚያም አለ።

መፍትሔው ሁለት ነው፣ አንዱ አሮጌ አንዱ አዲስ። አሮጌው እያንዳንዱን የሜሞሪ ጥያቄ ጂኤፍፒ_ኖኤፍኤስ («ወደ ፋይል ሲስተም አትመለስ» የሚለው) ማድረግ ነው። ይሄ የሚከሽፈው ሀንድል ይዘህ የምትጠራው የሌላ ሰው ፈንክሽን ውስጡ ጂኤፍፒ_ከርነል ሲጠቀም ነው፤ እሱን ልትቀይረው አትችልም። ከ4.12 ጀምሮ (2017) ያለው የተሻለ መንገድ ሜምአሎክ_ኖኤፍኤስ_ሴቭ እና ሪስቶር ነው። ሴቭ ስትል ፕሮሰሱ ላይ ምልክት ይቀመጣል፤ ሪስቶር እስክትል ድረስ በዚያ ፕሮሰስ የሚጠየቅ ሜሞሪ ሁሉ፣ ማንም ይጥራው ማን፣ ወደ ፋይል ሲስተም ተመልሶ አይገባም። ጄቢዲ2 የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፦ ሀንድል ሲከፈት ሴቭ፣ ሲዘጋ ሪስቶር፣ የቀድሞው ሁኔታ ሀንድሉ ስትራክት ውስጥ ይቀመጣል። አንተም እዚያው አስቀምጠው። ልብ በል፣ ምልክቱ የፕሮሰሱ ስለሆነ ሀንድሉን አንድ ፕሮሰስ ከፍቶ ሌላ መዝጋት የለበትም።

ደግሞ ይህን ብሎ ሞጁሉን በሙሉ ኖኤፍኤስ ማድረግ የለም። ኖኤፍኤስ ሪክሌይሙን ያዳክመዋል፤ ሲስተሙ በአጠቃላይ ሜሞሪ ሲያልቅበት እንኳ ኦኦኤም ኪለር በኖኤፍኤስ ጥያቄ ሳቢያ ፕሮሰስ አይገድልም። ስለዚህ ትልልቁን ሜሞሪ ሀንድል ከመክፈትህ በፊት ጠይቀህ ጨርስ።

---

#3 ፈጣን_ቢት

ለምን ይህን ያህል? ሁሉም ቦታ ትራይሎክ (ሎኩ ካልተገኘ ሳይጠብቅ የሚመለሰውን) ተጠቀም። ካልተሳካ የያዝከውን ሁሉ ልቀቅና ከመጀመሪያው ጀምር። ዴድሎክ የሚባል ነገር አይኖርም።

---

#4 ማኪያቶ_ማውንት

@ፈጣን_ቢት ዴድሎኩ ይቀርና ላይቭሎክ ይመጣል። ሁለት ጨዋ ሰዎች በር ላይ ተገናኝተው «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ በሩ እንደተከፈተ ማንም አይገባም። ሁለት ኮር ላይ ያሉ ሁለት ትሬዶች እኩል ሞክረው እኩል ወድቀው እኩል ለቀው እንደገና ይሞክራሉ፣ ሲፒዩው 100 በመቶ ይሠራል፣ የተሠራ ሥራ ግን የለም። ዲ ስቴት ቢያንስ ስታኩን ያሳይሃል፤ ላይቭሎክ ምኑንም አያሳይህም።

ትራይሎክ ቦታ አለው። ኤክስኤፍኤስ ብዙ አይኖዶችን አንድ ላይ ሲቆልፍ በአይኖድ ቁጥር ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ ነው የሚይዘው፤ ከያዛቸው አንዱ የሎጉ የመጻፊያ ወረፋ (ኤአይኤል) ላይ ካለ ግን ለቀጣዩ ተኝቶ አይጠብቅም፣ ትራይሎክ ያደርጋል፣ ካልተሳካ ሁሉንም ለቆ ይደግማል፣ በየ5 ሙከራውም ትንሽ አረፍ ይላል። ይሄ ለአንድ የታወቀ ክብ የተበጀ ነው። ቅደም ተከተልን ተክቶ የቆመ ነገር አይደለም።

---

#5 ማኪያቶ_ማውንት

ወደ አንደኛው ጥያቄ፦ የአይኦክትሉ።

በአድራሻ መደርደር ለተራ ፋይል ትክክል ነው፤ ከርነሉ ራሱ ሎክ_ቱ_ኖንዳይሬክተሪስ ውስጥ እንደዚያ ያደርጋል። ለዳይሬክተሪ ግን ስህተት ነው፣ ምክንያቱም ቪኤፍኤስ (የፋይል ሲስተሞች ሁሉ የጋራ የከርነል ሽፋን) ዳይሬክተሪን የሚቆልፈው በአድራሻ ሳይሆን በዝምድና ነው፦ ወላጅ ይቀድማል፣ ልጅ ይከተላል። አርኤምዲር «ለ/ሀ» ሲባል መጀመሪያ ለ ይቆለፋል፣ ከዚያ የሚጠፋው ሀ። አሁን የሀ አድራሻ ከለ ያነሰ ይሁን እንበል። የአንተ አይኦክትል ሀን ይዞ ለን ይጠብቃል። አርኤምዲር ለን ይዞ ሀን ይጠብቃል። አለቀ።

ስለዚህ የራስህን አትጻፍ፤ ሎክ_ሪኔምን ጥራ፣ ስትጨርስ አንሎክ_ሪኔምን። ውስጡ የሚሆነው ይሄ ነው፦

ሁለቱ ዳይሬክተሪዎች አንድ ከሆኑ አንዴ ቆልፎ ይመለሳል። ካልሆኑ መጀመሪያ የፋይል ሲስተሙን ኤስ_ቪኤፍኤስ_ሪኔም_ሙቴክስ ይይዛል። ቀጥሎ አንዱ የሌላው አያት መሆኑን ያያል፤ ከሆነ አያት ይቀድማል። ዝምድና ከሌላቸው ብቻ ማንኛውም ሊቀድም ይችላል።

ሙቴክሱ ለምን አስፈለገ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ሁለት ምክንያት። አንዱ፣ ዝምድናቸውን አይተህ እስክትቆልፍ ባለው ክፍተት ሌላ ሰው ዛፉን ቢያዛውረው ያየኸው ውሸት ይሆናል። ሁለተኛው ደግሞ የከፋ ነው። «/ፐ/ሀ»ን ወደ «/ቀ/ለ» ውስጥ የሚያዛውር እና «/ቀ/ለ»ን ወደ «/ፐ/ሀ» ውስጥ የሚያዛውር ሁለት ትእዛዝ እኩል ቢመጡ፣ የመጀመሪያው የሚቆልፋቸው ወላጆች ፐ እና ለ ናቸው፣ የሁለተኛው ቀ እና ሀ። አንድም የጋራ ሎክ የላቸውም። ሁለቱም ቢያልፉ ሀ በለ ውስጥ፣ ለ በሀ ውስጥ ይሆናል፤ ከሥሩ የተቆረጠ፣ ማንም በፓዝ የማይደርስበት ቀለበት። ኤፍኤስሲኬ ብቻ ነው የሚያገኘው።

ይህ ክፍል ያለቀለት እንዳይመስልህ። በ2023 (6.5) የሚዛወረው ዳይሬክተሪ ራሱም እንዲቆለፍ ተደረገ። ወደ 6.8 (2024) ሲመጣ ያ ሎክ ወላጅ ለሚቀይሩት ብቻ ሆነ፤ በዚያው ስሪት ሎክ_ሪኔም የጋራ አያት የሌላቸውን ሲያገኝ ኢኤክስዴቭ ስህተት መመለስ ጀመረ። ስለዚህ ወደ 6.8 እና ከዚያ በላይ ስትሻገር የሚመልሰውን ዋጋ ሳታይ አትለፍ።

---

#6 ፔጅ_ፎልት

ሦስተኛው የኔ ነው። 😄

አንድ ፕሮሰስ ብቻውን ዴድሎክ የሚሆነው ራሱ የያዘውን ራሱ ሲጠብቅ ነው። የራስህን የራይት ሉፕ ጽፈሃል ማለት ነው፤ ጀነሪክ_ፐርፎርም_ራይትን ብትጠቀም አይገጥምህም ነበር። የሚሆነው፦

ራይት ለፋይሉ ፔጅ 0 ካሽ ውስጥ ቦታ ያዘና ቆለፈው። ከተጠቃሚ ባፈር ሊቀዳ ሄደ። ባፈሩ የዚያው ፋይል ፔጅ 0 ኤምማፕ ነው፣ ገና ስላልተነካ ፔጅ ቴብል ላይ የለም። ፔጅ ፎልት። ፎልቱ ፔጁን ከዲስክ ሊያነብ ፔጅ ሎኩን ጠየቀ። የያዘው ራሱ ነው።

ለመፈተን፦ 4096 ባይት ያለው ፋይል አዘጋጅ፣ ሲንክ አድርግ፣ ድሮፕ_ካሽስ ላይ 3 ጻፍ፣ ፋይሉን ክፈትና ኤምማፕ አድርግ፣ ሜሞሪውን ሳትነካ ከእሱ ወደ ኦፍሴት 0 ፒራይት አድርግ። የተሳሳተ ኮድ እዚያው ይቆማል።

ትክክለኛው አሠራር አምስት እርምጃ አለው፦ (1) ምንም ሎክ ሳትይዝ ፎልት_ኢን_አዮቭ_ኢተር_ሪደብል ጠርተህ ምንጩን አስነካ፤ (2) ፔጁን ቆልፍ፤ (3) ፔጅ ፎልት ተዘግቶ በሚቀዳው በአቶሚኩ ኮፒ ቅዳ፤ (4) ከተፈለገው ያነሰ ከተቀዳ ፔጁን ፍታ፤ (5) ወደ 1 ተመለስ። ብዙ ሰው 1ን ጽፎ 3ን ይተወዋል፣ «አስቀድሜ አስነክቼዋለሁ» ብሎ። በ1 እና በ3 መካከል ግን ሪክሌይም ያንን ፔጅ መልሶ ሊወስደው ይችላል፤ ራም ጠባብ ሲሆን በእርግጥ ይወስደዋል። 1 ሥራው እንዲራመድ ነው፣ ደህንነቱ ያለው 3 ላይ ነው።

ይሄ ጉዳይ ታላቅ ወንድም አለው፦ ኤምማፕ_ሎክ፣ የፕሮሰሱን የሜሞሪ ካርታ የሚጠብቀው። በራይት መንገድ የአይኖዱን አይ_አርደብሊውሴም ይዘህ ከተጠቃሚ ስትቀዳ ፎልቱ ኤምማፕ_ሎክን ይይዛል፤ ትእዛዙ አይ_አርደብሊውሴም → ኤምማፕ_ሎክ ሆነ ማለት ነው። በፎልት መንገድ ግን ኤምማፕ_ሎክ ቀድሞ ተይዟል። ስለዚህ ፎልት ሀንድለርህ ውስጥ አይ_አርደብሊውሴምን ፈጽሞ መያዝ አትችልም። ትራንኬትን (ፋይል መቁረጥን) ከፎልት ለመጠበቅ የሚያገለግለው ሌላ ሎክ ነው፣ ኢንቫሊዴት_ሎክ፤ 5.15 (2021) ላይ የሁሉም የጋራ ሆነ፣ ከዚያ በፊት ኤክስት4ም ኤክስኤፍኤስም የየራሳቸው ነበራቸው። ትራንኬት ለመጻፍ፣ ፎልት ለማንበብ ይይዙታል።

---

#7 ትንሹ_ጆርናል

አመሰግናለሁ አብዬ፣ አመሰግናለሁ ሁላችሁም። አሁን ሎክዴፕ (የከርነሉ የሎክ ቅደም ተከተል መርማሪ) በርቷል፤ የአይኦክትሉን ተናገረ፣ የጆርናሉንና የፔጁን ግን ዝም አለ። ለምን?

---

#8 አብዬ_አይኖድ

የፔጁን ዝም ያለው ፔጅ ሎክ አንድ ቢት ስለሆነ ነው። አንዱ ቆልፎት ሌላው፣ የዲስኩ የማንበብ ማጠናቀቂያ ሳይቀር፣ ሊፈታው ይችላል፤ ሎክዴፕ ደግሞ «ማን ያዘው» ለሚለው ባለቤት ይፈልጋል። ስለዚህ ፔጅ ሎክ ለሎክዴፕ የለም። እዚያ ላይ የምትደገፈው ኮዱን በማንበብና በመፈተን ነው።

የጆርናሉን ዝም ያለው አንተ ስላልነገርከው ነው። ዌይት ኪው ላይ መተኛት ለእሱ ሎክ አይደለም። የጄቢዲ2ን ዘዴ ቅዳ፦ ጆርናሉ ላይ የውሸት ሎክ (ሎክዴፕ_ማፕ) አስቀምጥ። ሀንድል ሲከፈት ለማንበብ እንደተያዘ ንገረው፣ ሲዘጋ እንደተለቀቀ። ኮሚት የሚጠበቅበት ቦታ ሁሉ ላይ ደግሞ ለመጻፍ ይዘህ ወዲያው እንደለቀቅከው ንገረው። እውነተኛ ሎክ የለም፣ ፍጥነት አይጎዳም፣ ግን ሀንድል ይዞ ኮሚት የሚጠብቅ መንገድ ሁሉ ወዲያው ይጋለጣል። ሪክሌይምን በተመለከተ ከርነሉ ራሱ ኤፍኤስ_ሪክሌይም የሚባል የውሸት ሎክ አለው፤ ሪፖርት ላይ ይህ ስም ሲመጣ «ሎክ ይዘህ ጂኤፍፒ_ከርነል ጠይቀሃል» ማለት ነው።

የሎክዴፕ ትልቁ ጥቅም ዴድሎኩ እንዲደርስ አለመጠበቁ ነው። ሀ → ለ ዛሬ፣ ለ → ሀ ነገ በሌላ ፕሮሰስ ቢያይ ይበቃዋል። ሲስተሙ ከቆመ በኋላ ማብራት ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ከመጀመሪያው ፈተና ጀምሮ ኮንፊግ_ፕሩቭ_ሎኪንግ ይብራ።

ጥቂት ወጥመዶች አሉት። አንድ ስህተት ካየ በኋላ ራሱን ያጠፋል፤ ሁለተኛውን አይነግርህም። /ፕሮክ/ሎክዴፕ_ስታትስ ላይ ዲበግ_ሎክስ 0 ከሆነ የሰዓታት ፈተናህ ያለ ሎክዴፕ ነው የሮጠው። አንድ ፕሮሰስ በአንዴ ከ48 በላይ ሎክ ከያዘም ይቆማል። አይኖዶችን እያንዳንዱን ለየብቻ ሳይሆን በክፍል ነው የሚያውቃቸው፤ ሁለት አይኖድ ስትቆልፍ ሁለተኛውን በአይኖድ_ሎክ_ኔስትድ፣ ለምሳሌ አይ_ሙቴክስ_ቻይልድ ብለህ ካልለየህለት የሐሰት ክስ ያቀርባል። ንዑስ ክፍሎቹ ቢበዛ 8 ናቸው። ክሱን ዝም ለማሰኘት ብቻ ኔስትድ መጨመር ግን የጢስ ማስጠንቀቂያውን ባትሪ ማውጣት ነው፤ መጀመሪያ ትእዛዙን የሚያስከብረው ምን እንደሆነ ከኮዱ አናት ላይ ጻፍ።

---

#9 ዳታ_ማዕከል

ከቆመ በኋላ ለሚደረገው፣ በአጭሩ።

ሀንግ_ታስክ_ታይምአውት_ሴክስ ሲነሳ 120 ሴኮንድ ነው፤ ለፈተና 30 አድርገው። ሲስተሙ ሲቆም ሪስታርት አታድርግ፤ ሲስአርኪው ትሪገር ላይ ደብሊው ጻፍ፣ ዲ ስቴት ያሉትን ሁሉ ከነስታካቸው ያወጣል። ሎክዴፕ ካለ ዲ ጻፍ፣ የተያዙትን ሎኮች ከነባለቤታቸው ያወጣል። ዲሜሴጅን ወደ ሌላ ማሽን በሲሪያል ኮንሶል አውጣ፤ በቆመው ፋይል ሲስተም ላይ ሎግ ልጻፍ ካልክ አንተም ተሰለፍክ። ከዚያ ወረቀት ላይ «ማን ምን ይዟል፣ ማንን ይጠብቃል» ብለህ ቀስት ሳል። ከ50 ስታክ ውስጥ አብዛኛው ተራ ሰልፈኛ ነው። ክቡ ውስጥ ያሉት ሁለት ወይም ሦስት ናቸው።

---

#10 ፈጣን_ቢት

እሺ ትራይሎኩን ተውኩት። ግን ለአነስተኛ ፋይል ሲስተም አንድ ትልቅ ሎክ ቢኖርስ? አንድ ሎክ ብቻ ካለ ክብ አይኖርም።

---

#11 አብዬ_አይኖድ

ለጀማሪ መጥፎ ሐሳብ አይደለም፤ ሊኑክስ ራሱ ቢግ ከርነል ሎክን እስከ 2011 (2.6.39) ተሸክሞት ኖሯል። ግን «አንድ ሎክ ብቻ» የሚባለው እውነት አይሆንም። የአንተ አንድ ነው፤ ፔጅ ሎክ፣ ኤምማፕ_ሎክ፣ አይ_አርደብሊውሴም፣ ሪክሌይም የአንተ አይደሉም፣ እዚያው አሉ። ትልቁን ሎክህን ይዘህ ከተጠቃሚ ብትቀዳ ፎልቱ ተመልሶ ወደ ሪድህ ይመጣል፣ ሪድህም ያንኑ ትልቅ ሎክ ይጠይቃል። ከላይ ካሉት ሦስት ችግሮች ትልቁ ሎክ የሚፈታው አንድም የለም።

---

#12 ፔጅ_ፎልት

አንድ ያልተነሳ አለ፣ ራይትፔጅስ (የተለወጡ ፔጆችን ወደ ዲስክ የሚጽፈው)። ይሄ ስታክ ላይ እንኳ ሎክ አይመስልም።

ራይትባክ ፔጅ 1ን ቆልፎ የራይትባክ ምልክት አድርጎበት ወደ ባዮ (ለዲስክ የሚላክ ጥያቄ) ጨምሮ ሎኩን ይፈታል። ባዮው ገና አልተላከም፤ ተከታታይ ፔጆች እስኪጨመሩለት በእጅ ተይዟል። ቀጥሎ ፔጅ 2ን ሊቆልፍ ሲል ሌላ ፕሮሰስ ይዞታል፣ ተኛ። ያ ሌላ ፕሮሰስ ደግሞ ፔጅ 2ን ይዞ የፔጅ 1 ራይትባክ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ዲስኩ ግን ስለ ፔጅ 1 የሰማው ነገር የለም፤ ጥያቄው ያለው በተኛው ፕሮሰስ ኪስ ውስጥ ነው።

ደንቡ፦ ባዮ በእጅህ እያለ ለሌላ ፔጅ አትተኛ። ቢቲአርኤፍኤስ እንደሚያደርገው መጀመሪያ ትራይሎክ፣ ካልተሳካ ባዮውን ላክና ከዚያ ተኝተህ ቆልፍ። ብዙ ፔጅ በአንዴ የምትቆልፍ ከሆነም ሁልጊዜ ከትንሹ ኢንዴክስ ወደ ትልቁ።

---

#13 ቀጭን_ኬብል

ከርነል አልጽፍም፣ ፊውዝ (ከከርነል ውጭ በተራ ፕሮግራም የሚሠራ ፋይል ሲስተም) ላይ ነኝ። እኔን ይመለከተኛል?

---

#14 ማኪያቶ_ማውንት

ይመለከትሃል። ዴመንህ በራሱ ማውንት ላይ ፋይል ከከፈተ፣ ለምሳሌ ሎጉን እዚያው ከጻፈ፣ ጥያቄው ወደ ራሱ ይመለሳል፤ ባለ አንድ ትሬድ ከሆነ ወዲያው ቆመ። ብዙ ትሬድ መጨመር ጊዜውን ያርቀዋል እንጂ አያድንም። ከቆመብህ ሪስታርት አያስፈልግም፦ /ሲስ/ኤፍኤስ/ፊውዝ/ኮኔክሽንስ ሥር የማውንትህን ቁጥር ፈልግና አቦርት የሚለው ፋይል ላይ 1 ጻፍ። የተሰለፉት ጥያቄዎች በስህተት ይመለሳሉ፣ ፕሮሰሶቹ ይለቀቃሉ፣ ማውንቱ ግን ከዚያ በኋላ አይሠራም፤ ነቅለህ እንደገና ትሰቅለዋለህ።

---

#15 ትንሹ_ጆርናል

ሦስቱም ተስተካክለው የኮዱ አናት ላይ የሚቀመጠው ትእዛዝ ይሄ ሆነ። የጎደለ ካለ እዩልኝ።

ራይት፦ ኤስቢ_ስታርት_ራይት → አይ_አርደብሊውሴም → ሀንድል → ፔጅ ሎክ → የኤክስቴንት ሴማፎር (የፋይሉን ብሎኮች ካርታ የሚጠብቀው)
ፎልት፦ ኤምማፕ_ሎክ → ኤስቢ_ስታርት_ፔጅፎልት → ኢንቫሊዴት_ሎክ (ለማንበብ) → ሀንድል → ፔጅ ሎክ → የኤክስቴንት ሴማፎር
ትራንኬት፦ ኤስቢ_ስታርት_ራይት → አይ_አርደብሊውሴም → ኢንቫሊዴት_ሎክ (ለመጻፍ) → ሀንድል → የኤክስቴንት ሴማፎር
ራይትፔጅስ፦ ሀንድል → ፔጅ ሎኮች → የኤክስቴንት ሴማፎር

ሀንድል ከፔጅ ሎክ በፊት ስለሆነ፣ ራይት ላይ ፔጁ መጀመሪያ ይገኛል፣ ይፈታል፣ ሀንድል ይከፈታል፣ ፔጁ እንደገና ይቆለፋል።

---

#16 አብዬ_አይኖድ

ኤክስት4 የሚሄድበት መንገድ ነው፣ ጥሩ ነው። አራት ነገር ጨምር።

ፔጁን ፈትተህ መልሰህ ስትቆልፍ ማፒንጉ ያው መሆኑን አረጋግጥ፤ በመካከል ትራንኬት ነቅሎት ሊሆን ይችላል። ከተነቀለ ሀንድሉን ዘግተህ ከመጀመሪያው ጀምር።

ትልቅ ፋይል ስትቆርጥ የሀንድሉ ክሬዲት (የተመደበለት የጆርናል ቦታ) ያልቃል፣ ሪስታርት ታደርጋለህ። ሪስታርት ማለት አዲስ ሀንድል መክፈት ነው፣ ስለዚህ ኮሚት ሊጠብቅ ይችላል። ትእዛዝህ ላይ የኤክስቴንት ሴማፎር ከሀንድል በታች ነው፤ ይዘኸው ሪስታርት ካደረግህ ያንን ሴማፎር የሚጠብቅ ባለ ሀንድል ጋር ክብ ትሠራለህ። ሴማፎሩን ልቀቅ፣ ሪስታርት አድርግ፣ መልሰህ ያዝ፣ ከዚያ ዛፉን እንደ አዲስ ፈልግ፤ የቀድሞ ፖይንተርህ ዋጋ የለውም።

ያንኑ ሴማፎር ለማንበብ ሁለቴ አትያዝ። «ማንበብ ከማንበብ ጋር አይጋጭም» የሚለው እዚህ አይሠራም፦ አንዴ ይዘኸው ሳለ የሚጽፍ ሰው ከተሰለፈ፣ ሁለተኛው ንባብህ ከሱ ኋላ ይሰለፋል። እሱ የመጀመሪያውን ንባብህን ይጠብቃል፣ አንተ እሱን።

አንማውንት ላይ የኤስ_ዩማውንት ሴማፎርን ወይም የራስህን የሱፐርብሎክ ሙቴክስ ይዘህ ፍላሽ_ወርክኪው እንዳትጠራ፣ ወርኩ ያንኑ ሎክ የሚፈልግ ከሆነ። በሪክሌይም መንገድ ላይ የሚያስፈልግ ወርክኪው ካለህም ደብሊውኪው_ሜም_ሪክሌይም ብለህ ክፈተው፤ አዲስ ወርከር ለመፍጠር ሜሞሪ ሲጠፋ ለዚያ ወርክኪው የተቀመጠ አንድ አዳኝ ትሬድ ይደርሳል።

---

#17 ትንሹ_ጆርናል

የመጨረሻው ላይ ጥያቄ፦ ኢቪክት_አይኖድ ራሱ ሀንድል ባይከፍት፣ ሥራውን ለወርክኪው ሰጥቶ ቢመለስ ኖኤፍኤስ አያስፈልግም ማለት ነው?

---

#18 አብዬ_አይኖድ

አንድ ቀስት ታስወግዳለህ፣ ሁሉንም አይደለም። ሀንድል ይዞ ሪክሌይም የገባ ፕሮሰስ የሌላ ፋይል ሲስተም አይኖድ ሊያራግፍም ይችላል፤ ያኛው ጄቢዲ2 ላይ ከሆነና አንተም ከረንት (አሁን የሚሮጠው ፕሮሰስ) ላይ ያለውን ጆርናል_ኢንፎ ለራስህ ሀንድል እየተጠቀምክበት ከሆነ፣ የአንተን ሀንድል እንደራሱ ቆጥሮ ያነባል፤ የማን ጆርናል እንደሆነ ሲያመሳክርም ከርነሉ ይፈነዳል። በዚያ ላይ ወርክኪው ውስጥ የተጠራቀሙት አይኖዶች ሜሞሪያቸውን አልለቀቁም፤ ሪክሌይም «ለቀቅኩ» ብሎ ቆጥሮ ራሙ አልተለወጠም። ወርክኪውውን ተጠቀም፣ ወረፋውን ገድበው፣ ኖኤፍኤሱንም አታንሳ።